ሊቀ ሞባይል አለበልና እምቢ ያለው ስልክ

በደብረ ማርቆስ ማኅተሙ የጠፋበት መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆናል፤ ኃላፊው ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄዶ የከረመበትም አይጠፋም። የስልክ ሐኪም የሌለው መሥሪያ ቤት ግን በማርቆስም፣ በደምበጫም፣ በደብረ ኤልያስም ተፈልጎ አይገኝም። ይህ ሰው በቅጥር ሹፌር ነው፤ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ፤ ወይም የዘር ባለሙያ። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው። ዕድሜውን የሚሰጠው ግን ለሰው ስልክ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም።

ሥራነሽ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ይህ ሹመት የአለበል ነበር። አለበል የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ጎማ፣ ወንበርና ወረቀት ሊረከብና ሊያስረክብ የተቀጠረ፣ አምሳ ዓመቱን የደፈነ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። የመዝገብ ቤቷ ሥራነሽ ከዓመታት በፊት በቀልድ "ሊቀ ሞባይል" ብትለው፣ ቀልዱን ለእሷ ትቶ ስሙን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ "ሊቀ ሞባይል ሐሳብ አለው" ሲባል ሳይስቅ ይነሣል።

ሊቀ ሞባይል ሥርዓት አለው። የታመመ ስልክ ሲቀርብለት ወዲያው አይቀበልም፤ ከሩቅ ያየዋል። "አትንኩት!" ይላል፣ ማንም ሳይነካው። ሌላው ሰው ለማየት መነጽር ያደርጋል፤ እሱ ያወልቃል። ቀጥሎ ጥፋተኛውን ይፈልጋል። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ባለቤቱ ነው። "ማን ነው ይኼን የከፈተው? ቻርጅ ላይ ተክለሽው ወሬ ታወሪ ነበር አይደል?" ሰዉም ሳያጠፋ ይናዘዛል። ሁሉ ካለቀ በኋላ "ይኼ ቀላል ነው" ይላል፤ ይህን ሲል የሰሙ ነባር ሠራተኞች ስልካቸውን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ።

ምክንያት አላቸው። የሒሳብ ክፍሏ ሔዋን ስልኳ ዘፈን አላወርድ ቢላት ወስዳ ሰጠችው። "ሆዱ ሞልቷል" አለና ሆዱን ባዶ አደረገው። ዘፈኑ ወረደ፤ የእኅቷ ሠርግ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የዘበኛውን የአንለይን ስልክ ሲያክም ደግሞ ቋንቋውን ወደ ቻይንኛ ገለበጠውና መመለሻው ጠፋው። አንለይ አሁን ስልኩን በቀለም ነው የሚያነበው። "አረንጓዴዋን ከረገጥኩ ሚስቴ ትነሣለች፤ ሌላውን አልሞክርም" ይላል። ሐኪሙ ራሱ የሚይዘው ባለ ባትሪ መብራቷን፣ ቁልፏ ያለቀውን ትንሽ ስልክ ነው። የንክኪ ስልክ ለራሱ ገዝቶ አያውቅም። ጠንቅቆ የሚያውቀው በሰው ስልክ ተምሮ ነው፤ የተማረበትም ስልክ ባለቤት ዕዳውን ችሏል።

ይህ ሁሉ ለወትሮው ያስቅ ነበር። በሁለት ሺ ዐሥር ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም በባተ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ሥራነሽ ሊያስቃት የሚችል ነገር አልነበረም።

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አዲስ አበባ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። የዲማ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት እንቅርት በክረምቱ ገፍቶ እህል መዋጥ ከለከላቸው፤ የሥራነሽ ታናሽ ወንድም አንሙት ወስዶ ወረፋ አስያዘላቸው። ተራቸው በጥር ነው ተብለው ሳለ፣ የሌላ ሰው ቀዶ ጥገና ቀርቶ በድንገት ተጠሩ። ዛሬ ካልገቡ እንደገና ከወረፋው ጭራ ነው። ጉሮሮአቸው ደግሞ እስከ ጥር የሚታገሥ አይመስልም።

እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

"የንስሐ አባቴ ሳይፈቱኝ አንገቴን ለቢላ አልሰጥም።"

አንሙት በአቅራቢያው ካለው ደብር ቄስ ላምጣ ቢል፣ "የሰው አባት የእኔን ኃጢአት ከየት ያውቀዋል? ከሀ ልጀምርለት?" አሉት። በስልክ እንዳያገናኛቸው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አጠገባቸው ሆኖ ካልጮኹ በቀር አይሰሙም። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ተመለሰና ጆሯቸው ላይ ጮኸ፤ "አባ ደውለው ነበር! ፈትቻታለሁ ብለዋል!"

እናት ልጃቸውን አዩት። "አንሙት፣ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ዛሬም ቀልቷል።"

የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ መስቀሉን በዓይናቸው ማየት። ዲማ ላይ ኢንተርኔቱ ስለማይዝ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀይለመለኮት ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው ማርቆስ ገቡ። ጭቃ የለበሰ የጎማ ጫማቸውን መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ አራግፈው፣ ጃንጥላቸውን ጥግ አስደግፈው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"በስልክ መስኮት መፍታት ልማድ አይደለም" አሉ። "ግን ጌታ የመቶ አለቃውን ብላቴና ቤቱ ሳይገባ አድኖት የለ? ክፈቺው ልጄ።"

ሥራነሽ ፊት እያሳየ የሚያነጋግረውን ኢሞን ከፈተች። ስልኩ በተገዛ ጊዜ ሱቅ የጫኑላት ስለሆነ፣ አርጅቻለሁና አድሱኝ አላት። አፕዴት የሚለውን ነካች። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች። ዞረች። ከሥሯ "ፔንዲንግ" ይላል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይልም።

አንሙት ደወለ። "ከእሷ በፊት አንድ ሰው ነው የቀረው። ዶክተሩ መጥቶ አይቷታል። አሁንም ካልፈቀደች ቀጣዩን እንጠራለን አለኝ። ምን ሆናችሁ?"

"እየወረደ ነው" አለች ሥራነሽ። ምንም እየወረደ አልነበረም።

ወደ ሒሳብ ክፍል ሮጠች። ሔዋን ስልኳን ሳትጠይቅ ሰጠቻት። ኢሞ የላትም፤ ልታወርድ ነካችው። ያችው ክብ መጣች፤ ያችው "ፔንዲንግ"። በሁለት ስልክ ላይ ሁለት ክብ ጎን ለጎን በባዶ ይሽከረከራል።

"ኔትወርክ ነው እቴ" አለች ሔዋን። "ከእንቁጣጣሽ ወዲህ የእኔም ፌስቡክ አልከፍት ብሏል። የሁሉም ነው።"

እውነቷን ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ኔትወርክን ሲረግም ነበር። ኢንተርኔት ቤት እንዳይሄዱ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሥራነሽ ሁለቱን ስልክ ይዛ ኮሪደሩ መሐል ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም።

የታመመ ስልክ ሳይነገረው የሚሸተው ሰው ግን ከወዲያኛው ጫፍ እየመጣ ነበር።

"አትንኪው!" አለ አለበል።

"ጋሽ አለበል፣ ዛሬ አይደለም። ባክህ፣ ዛሬ ተወኝ።"

"ማን ነው የነካካው?"

"ማንም አልነካካውም! እናቴ አንገቷን ልትቀደድ ነው፣ ይኼ እምቢ አለ፣ ቄሱ ተቀምጠዋል፣ ሰዓቱ ሄደ!" ስልኳን ዘረጋችለት።

አለበል መነጽሩን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ሳይፈልግ ስልኩን ተቀበለ።

መዝገብ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሊቀ ሞባይል የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ፍላይት ሞድ ላይ አውሎ መለሰው። ሲሟን በሥራነሽ የፀጉር መርፌ ጎትቶ አወጣት፤ ተነፈሰባት፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት፤ መልሶ ከተታት። ክቧ ዞረች። ወደ ሴቲንግ ገብቶ አፕ የሚወርድበትን የፕሌይስቶርን ጓዳ ጠረገ። ከፊት የተሰለፈ ሌላ አፕዴት ይኖር ይሆናል ብሎ ሁሉን ሰረዘ። ክቧ ዞረች።

"ሆዱ ሞልቶ ይሆናል" አለ፤ እንደ ወትሮው ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የምታጠፊው አለሽ?"

"ሁሉንም አጥፋው።"

"ፎቶውንም?"

"ጋሽ አለበል፣ ሁሉንም!"

ጣቱ ወደ ፎቶው ሄዶ ቆመ። የሔዋን እኅት ሠርግ ትዝ ብሎት ይሁን፣ ባዶ ቦታ መኖሩን አይቶ ይሁን፣ ፎቶውን አልነካም። "ሆዱ እንኳን አልሞላም" አለ። "ቦታ አለው። መንገዱ ክፍት ነው። ዳታውም አለ። ታዲያ ምንድን ነው?" እስከ አንገቱ የተቆለፈውን ሸሚዝ ፈታው። ሥራነሽ የዚያን ቁልፍ መፈታት አይታ አታውቅምና ከሁሉም ይልቅ እሱ አስፈራት።

ቄስ ሀይለመለኮት መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ያዩታል። "ይኼ ሰው ጸበል መርጨት ነው የቀረው" አሉ በቀስታ።

ሥራነሽ ክቧን እያየች ሐሳቧ ወደ ኋላ ሸሸ። ዩኒቨርሲቲ ሳለች እናቷ በስልክ ሊያገኟት ከዲማ በእግር ወጥተው ቢቸና ቴሌ ድረስ ይመጡ ነበር። እጀታውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው ይጮኻሉ፤ ሩቅ ሀገር ያለ ሰው በቀስታ ቢነግሩት እንዴት ይሰማል? የሚጮኹት ያው አንድ ነገር ነው። "በልተሻል ወይ?" ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቅ እንደ ነበር፣ አንዳንዱም "በልታለች እማማ፣ ይልቀቁልን!" ይል እንደ ነበር ነግረዋታል። ዛሬ ሳንቲም የማይጠይቅ፣ ፊት የሚያሳይ ስልክ በእጇ ነው፤ እናቷ ደግሞ መስማት ትተዋል።

ስልኩ ጮኸ። አንሙት ነው።

"ያኛው ሰው ገባ። ቀጣይዋ እሷ ናት። እየወረደ ነው አላልሽኝም?"

ሥራነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ዘጋችበት። መስኮቱ ወደ ፊተኛው ገጽ ሲመለስ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ ሀይለመለኮት ጎንበስ ብለው የቀኑን ቁጥር አነበቡ።

"ዐሥራ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ሺ ዐሥር። ጎሽ! ይኼስ ሚካኤልን ያውቃል። የእኔ ልጅ ስልክ የሚቆጥረው የፈረንጅ ነው።"

አለበል በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ምስጋና ሲያልፈው ዝም አይልም። "እኔ ነኝ አባ" አለ። "ለእንቁጣጣሽ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ሁሉ አዙሬ ሰጥቻቸዋለሁ። ለምን በሰው ቀን እንኖራለን? ቀኑን በእኛ፣ ሰዓቱን በእኛ፣ ዓመተ ምሕረቱንም..."

ቆመ።

ስልኩን አየ። ሥራነሽን አየ። ቀጥሎ ያለውን ቃል የሚፈልግ ሳይሆን የተናገረውን ሊመልስ የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር።

"ምንድን ነው?" አለች ሥራነሽ።

"ስልኩ የኛ አቆጣጠር መሆኑን አያውቅም" አለ በተዳፈነ ድምፅ። "ለእሱ ዛሬ የፈረንጅ ሁለት ሺ ዐሥር ነው። ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ነው የቆመው። ፕሌይስቶር ደግሞ ቀኑ የማይገጥመውን ስልክ አያምነውም፤ እህል አይሰጠውም። የሁላችሁም... የሔዋንም... እኔ ነኝ።"

ሥራነሽ ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር፤ ከሠርጉ ፎቶ ጀምራ እስከ ቻይንኛው ድረስ ምላሷ ላይ ተሰልፎላታል። ያለችው ግን "ፍጠን" ብቻ ነው።

አለበል ሴቲንግ ከፈተ። ቀኑን ለራሱ ለኔትወርኩ መለሰው። ቁጥሩ ዘለለ፤ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ዘለለ። አፕዴቱን ነካ። ክቧ ዞረች። ሁለት በመቶ አለች።

"ሄደ!" አለ።

ዘጠኝ። ዐሥራ አራት። ሥራነሽ ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። ሃያ ሰባት ላይ ስልኩ ጮኸ። አንሙት።

"አታንሺው!" አለ አለበል። "ካወራሽበት ዳታው ይቋረጣል፤ መውረዱ ይቆማል።"

"ቢሆንስ... ቢገቡስ? እምቢ ብላ ቢዘጉስ?"

"ካነሣሽው ምን ትይዋለሽ?"

ጮኸ፤ ጮኸ። ሥራነሽ እጇን በጀርባዋ አጣመረች። የወንድሟ ስም መስኮቱ ላይ ሲበራና ሲጠፋ አየች፤ ስለ እናቷ ምን ሊነግራት እንደሆነ ሳታውቅ እስኪበቃው ድረስ አስጮኸችው። ቄስ ሀይለመለኮት በልባቸው ይደግማሉ። ጩኸቱ አለቀ። ክቧ ካቆመችበት ቀጠለች። ሠላሳ። ሃምሳ አንድ። ሰማንያ። ከዚያ ራሷን ችላ ተጫነች፤ ኢሞ ተከፈተ።

አንሙት ወዲያው አነሣ። ፊቱ ሳይታይ ድምፁ መጣ፤ "አልጋው ተገፍቷል! በሩ ላይ ነን! ሲስተር፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ!" ጣሪያ ታየ፤ የአንድ ነርስ ትከሻ ታየ፤ ከዚያ እናቷ። ሻሻቸው ወልቆ አጭር ሽበታቸው ተገልጧል፤ አንገታቸውም መሸፈኛ የለውም። ሥራነሽ እናቷን ራሳቸው ሳይሸፈን አይታቸው አታውቅም።

ቄስ ሀይለመለኮት ብድግ አሉና መስቀሉን ስልኩ ፊት አቆሙ። "ወለተ ኢየሱስ!" ሊሉ ነበር፤ አይሰሟቸውም። ዝም ብለው ባረኩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው፣ የሚፈቱበትን ቃል በከንፈራቸው ጉልህ አድርገው፣ ለሚያነብ ዓይን።

ወለተ ኢየሱስ አዩ። "ይፍቱኝ አባ!" ሲሉ መዝገብ ቤቱ ተናወጠ። ከዚያ መስኮቱ በአንድ ጊዜ ጨለመ።

"ተቋረጠ!" አለ አለበል፤ ሥራነሽ ወንበሩን ያዘች።

አልተቋረጠም። መስቀሉን እየተሳለሙት ነበር። ከንፈራቸው ከአንሙት ስልክ ላይ ሲነሣ ብርሃኑ ተመለሰ፤ ፊታቸውም ያበራል። ዓይናቸው ግን ጥግ ላይ ወደቀ።

"ያ ሰውዬ ማነው? ሸሚዙ የተፈታው?"

ሥራነሽ ለአንሙት ነገረችው፤ እሱም ጆሯቸው ላይ ጮኸ፤ "ስልኩን የሠራልን ነው!"

"እጅህ ይባረክ!" አሉ ወለተ ኢየሱስ። "እኔን ከአባቴ እንዳገናኘህ እሱ ከቅዱሳኑ ያገናኝህ! ልጅህ ይባረክ! ቤትህ ይሙላ!"

የምስጋና ሰው አለበል ይህን መሸከም አልቻለም። ወደ ስልኩ ተጠጋ። "እናቴ" አለ፣ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የልጅዎንም፣ የሁሉንም ስልክ፣ እኔ ነኝ። አላውቅም ማለት አልችልበትም፤ ከልጅነቴ አልችልበትም። ዛሬ ቢሞቱብኝ ኖሮ..."

ወለተ ኢየሱስ አንድም ቃል አልሰሙም። አፉ ሲንቀሳቀስ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሜን፣ አሜን! እግዜር ይስጥልኝ! ደግ ሰው ነህ፤ በፊትህ ያስታውቃል!" አሉና ነርሷን ዞረው "በይ ግፊው እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል?" አሏት። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ቄስ ሀይለመለኮት አልተቀመጡም ነበር። መስቀሉን ወደ አለበል ግንባር አዞሩ። "የተናገርከው ለእሷ ነው፣ የሰማሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ።"

ሥራነሽ የሔዋንን ስልክ መልሳላት መጣች፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አለበል እዚያ መቀመጥ አልቻለም፤ ወጣ። ሥራነሽ በተከፈተው በር ኮሪደሩን ትሰማለች። አለበል ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ስልክ ይሰበስባል። እውነቱን ሊነግራቸው ነው አለች በልቧ። ሔዋን ዘንድ ሲደርስ ድምፁ እንደ ቀድሞው ሆኖ መጣ።

"ስልክሽን አምጪ። አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ ለሁሉም እያደረግሁ ነው። ይኼ ቀላል ነው።"

ቄስ ሀይለመለኮት ሰምተዋል። "ንስሐው ኮሪደሩን አልተሻገረም" አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሥራነሽ ወጥታ ልታጋልጠው ተነሣች። ደፉ ላይ ስትደርስ እናቷ የባረኩት ፊት ትዝ አላትና ተመልሳ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሁሉ የዐሥራ አንድ ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ እያስገባ ጮኸ፤ ሠራተኛውም በሊቀ ሞባይል ጥበብ ተደነቀ።

አንሙት ሲደውል መሸት ብሏል። "ወጣች። ነቅታለች። መናገር ተከልክላ በምልክት ውኃ ጠየቀች። ደህና ናት፣ ሥራዬ፣ ደህና ናት።"

ሥራነሽ ለቄሱ ነገረቻቸው፤ ተሳለመች። ወደ ዘመድ መደወል ነበረባት። እግሯ ግን ወደ ንብረት ክፍል ሮጠ። አለበል በጎማና በወንበር ክምር መሐል ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ስልክ ሆዱን ከፍቶታል፤ የኃላፊው ሲም በሁለት ጣቱ መሐል ናት።

"ጋሽ አለበል፣ ወጣች! ደህና ናት!"

ጣቶቹ ተለቀቁ። ሲሟ ከጎማው ነጥራ የት እንደገባች አልታየም። አለበል ሊፈልጋት እንኳ አልሞከረም፤ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ከደጅ የኃላፊው ድምፅ "ሊቀ ሞባይል፣ አልደረሰም ወይ?" ይላል።

"ደርሷል ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ጥሩ ሐኪም እጅ ላይ ነው" አለች ሥራነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና አቧራው ላይ ተንበርክካ፣ ከጎማዎቹ ሥር በእጇ መዳበስ ጀመረች።